የጂንካው ባሌተኛ

ጋሽ ዘሪሁን መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። መርዶውን ያመጣልኝ ከአዲስ አበባ ዕቃ ጭኖ የመጣ ሾፌር ሲሆን፣ አብሮም በአራት የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። በቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። እህቱ «ጂንካ የሚያውቁት ሰዎች ካሉ ያንብቡት» ብላ ላከችው። አነበብኩት። ሟች ታታሪ፣ ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ ይላል። እዚህ አገር ሰነፉና ሰው ናቂው ሁሉ ዘላለም ይኖራል መሰለኝ፤ ቀብር ላይ ስሙ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ወረድ ሲል «በውጭ አገር በታወቀ የባሌት ቡድን ውስጥ በመሪ ተወዛዋዥነት አገልግለዋል» ይላል። ይህ ውሸት ነው። ከዚያ ደግሞ «በደቡብ ኦሞ በልዩ ልዩ የሥራ መደቦች ሠርተዋል» ይላል። ይህ ከውሸትም ይብሳል። ሰውየው ስምንት ዓመት ሙሉ በጂንካ ጭቃ ላይ የለፋበት ነገር «ልዩ ልዩ» ተብሎ በአንድ መስመር ታለፈ። ስለዚህ የማውቀውን ልናገር። የኪነት ቡድኑ ከበሮ መቺ ነበርኩ። ሰው አክባሪነቱን በተመለከተ፣ በላሞች ፊት «አንተ ደንቆሮ ከበሮ!» እያለ ይጠራኝ እንደነበር አስቀድሜ ላስመዝግብ።

ዘመኑ የደርግ ነው። በዚያን ጊዜ የኪነት ቡድን የሌለው አውራጃ እንደ ሰነፍ ይቆጠር ስለነበር እኛም አንድ ነበረን። ሥራችን እንግዳ ሲመጣ መጨፈር፣ እንግዳ ሲሄድ መጨፈር፣ በመሃል ስብሰባ ካለ ደግሞ ሰው እንዳይተኛ መጨፈር ነው። የባህል ክፍሉ ኃላፊ ጓድ ደምሴ ይህ አልበቃ ብሎት «የሠለጠነ ባለሙያ ይላክልን» ብሎ ወደ በላይ ጻፈ። እሱ የፈለገው አኮርዲዮን የሚጫወት ሰው ነበር። የመጣለት የባሌት ባለሙያ ነው። ከበላይ የመጣ ነገር ደግሞ አይመለስም፤ ስለዚህ ጓድ ደምሴ ባሌት ለሰፊው ሕዝብ ያለውን ጥቅም የሚያስረዳ ሁለት ገጽ ጻፈ። ባሌት ምን እንደሆነ የጠየቀን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው።

የዚያን ጊዜው አውሮፕላን ማረፊያችን በከተማው መሃል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነበር። አውሮፕላን በሌለበት ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ገበያተኛ ያቋርጥበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል። አውሮፕላን ሲመጣ ፖሊሱ ፊሽካ ይነፋል፣ ላሞቹም የለመዱት ስለሆነ ሳይቸኩሉ ይወጣሉ። ጋሽ ዘሪሁን በዚያ ሜዳ ላይ ሲወርድ ለመቀበል ተሰልፈን ቆመን ነበር። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ረጅም፣ ትከሻው የሰፋ፣ አንገቱ እንደ ችካል የቀጠነና የቀና ሰው ነው። ሲራመድ ግን የእግሮቹ ጣቶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። ጓድ ደምሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እግሩን ታሟል እንዴ?» አለኝ። ሰውየው ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘና «መድረኩ ይህ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ይህ እንኳን አውሮፕላን ማረፊያው ነው፣ ጓድ።»

«ጥሩ ነው። ይበቃል።»

አዳራሹ ስብሰባ አጥቶ ስለማያውቅ እውነትም ትምህርት ቤታችን እዚያው ሜዳ ዳር ሆነ። በማግስቱ ሁለት ቋሚ አስተከለና ረጅም የባህር ዛፍ አጣና በወገብ ከፍታ አስቸነከረ። በየቀኑ ጠዋት ያንን አጣና በአንድ እጃችን ይዘን ጉልበት ማጠፍና መዘርጋት፣ እግር ማንሳትና ማውረድ ጀመርን። ገበያ የሚሄደው ሕዝብ ቆሞ ያየናል፤ «ምን አጥፍተው ነው?» ይባባላል። አንድ ቀን ጠዋት ስንመጣ አንድ የአሪ ገበሬ በቅሎውን አጣናው ላይ አስሯት ሄዷል። ጋሽ ዘሪሁን በቅሎዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና «አትፍቷት፤ ከሁላችሁ ይልቅ እሷ ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነው» አለን። ያን ቀን ከበቅሎዋ ኋላ ተሰልፈን ሠራን።

መጀመሪያ አንቱ ብለነው ነበር። «ባሌት ውስጥ አንቱ የለም፤ ላብ ብቻ ነው» ብሎ አስቆመን። ለዚህ ነው ዛሬም አንተ የምለው።

ታሪኩን የነገረን በአንድ ቀን ሳይሆን ላባችን እስኪደርቅ በምናርፍባት ሰዓት በጥቂት በጥቂቱ ነው። ቲያትር እንዲማር ነበር ወደ በረዶ አገር የተላከው። ሲደርስ ክፍሉ ሞልቷል አሉት። ትከሻውን በሜትር ለኩና ባሌት ክፍል አስገቡት። «ባሌት በዘጠኝ ዓመት ይጀመራል፤ እኔ ሃያ አንድ ሞልቶኛል። ከሕፃናቱ ጋር ስሰለፍ አያታቸውን መስዬ ነበር» ይላል። ለመዝለል ጊዜው ስላለፈበት ማንሳት አስተማሩት። ትምህርቱን ሲጨርስም በዚያው ከተማ ያለው የባሌት ቡድን ቀጠረው፤ ሥራው ሴቶቹን ማንሳት፣ የሚነሳ በሌለ ጊዜ ደግሞ ከንጉሡ ዙፋን ጀርባ ጦር ይዞ መቆም ነው። «አራት ዓመት ጦር ያዝኩ፤ አንድም ሰው አልወጋሁም» ይለናል፣ ጀብዱ እንደሠራ ሰው። መሪ ተወዛዋዥ የተባለው እንግዲህ ይኸው ነው።

ይሁንና ከኋላ የቆመ ሰው ሁሉን ያያል። ስለዚያ ቡድን ሲያወራ ስለ ቤተሰቡ የሚያወራ ይመስል ነበር። ቡድኑን የመሠረተው አንድ ባለርስት ነው አለን፤ ገባሮቹን ከማሳ ሰብስቦ፣ እንግዶቹ ፊት እንዲደንሱለት በጅራፍ አስተማራቸው። ዘመን ተለወጠ፣ አብዮት መጣ፣ ባለርስቱ ሸሸ፣ ቤቱ ተወረሰ። ተወዛዋዦቹ ግን በነጋታው ጠዋት ልምምዳቸው ላይ ተገኙ።

«ማን አዟቸው?» አለ ጓድ ደምሴ፤ ያለ ትእዛዝ የሚሆን ነገር ያሳስበው ነበር።

«ማንም። ሰዓቱ ደረሰ።»

በዚያ ቤት ኮከቧም ጦር ያዡም ጠዋት ጠዋት አንድ ብረት ይዘው ያችኑ ጉልበት ማጠፍ ይሠራሉ። ጫማቸውን የሚሠራላቸው ሽማግሌ የእያንዳንዳቸውን እግር በጭንቅላቱ ያውቃል። ፒያኖ የምትመታው አሮጊት አንድ ጊዜ መጋረጃው እሳት ይዞት ሰው ሲተራመስ መምታቷን አላቆመችም፤ ተወዛዋዦቹም እሷን እየሰሙ በሰልፍ ወጡ። ይህን የነገረኝ ለእኔ ብሎ ነው። «እኔ እጄን ካላወረድኩ ከበሮው አይቆምም። ሰማይ ቢወድቅም» አለኝ። በረዶ አገር ፒያኖ፣ ጂንካ እኔ። ጫማችንን የገበያው ጫማ ሰፊ ከድንኳን ሸራ ሰፋልን፤ በሳምንቱ ተቀደደና በባዶ እግራችን ቀጠልን።

ከሁሉ የሚናፍቀው ግን የተመልካቹ ዝምታ ነበር። «ሰውየው ሴቲቱን አንስቶ ሲቆም» ይላል፣ «ያ ሁሉ ተመልካች ትንፋሹን ይይዛል። አንድ ሰው አያስልም። ያንን ዝምታ አንድ ቀን እዚህ ሳልሰማ አልሞትም።» እኛ ደግሞ እንስቃለን። ጂንካ ላይ ትርኢት ሲታይ ሰው ያወራል፣ ዘመዱን ይጠራል፣ ፍየል ይሸጣል።

ሥራዬ ብሎ ያዘጋጀው ባሌት «ንጋት» የሚባል ነበር። አንዲት የገባር ልጅ በባለርስት ተገርፋ ትወድቃለች፤ የሚወዳት ልጅ ከራሱ በላይ አንስቷት፣ አሥራ ሁለት እርምጃ በዝግታ ተራምዶ፣ አንሶላ ላይ ወደተሳለች ፀሐይ ያደርሳታል። ጓድ ደምሴ ጽሑፉን አነበበና ፀሐይዋ ትልቅ ትሁን የሚል ማሻሻያ አቀረበ።

ለልጅቷ ቦታ የመረጣት ማርታን ነበር። ማርታ የአሪ ልጅ ናት፤ አባቷ የጴንጤ ሽማግሌ ናቸው። ዘፈን ኃጢአት ነው ብለው ከቡድኑ ሊያስወጧት አንድ ጠዋት ሜዳው ድረስ መጡ። ጋሽ ዘሪሁን ከአጣናው ጎን ወንበር ሰጥቶ አስቀመጣቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አዩን። በመጨረሻ ተነሱና «ዘፈኑ መቼ ነው?» አሉ።

«ዘፈን የለውም፣ አባቴ።»

«ምንም?»

«አንድ ቃል የለበትም።»

አሰቡ። «እንግዲያ ይሄ ዘፈን አይደለም። ስፖርት ነው» አሉና ልጃቸውን ባርከው ሄዱ። ጋሽ ዘሪሁን ስለ ባሌት ከተጻፈው ሁሉ ይህ ይበልጣል ይል ነበር።

የሚያነሳትን ልጅ ያገኘው ዲመካ ገበያ ነው። ከወጣቶች ጋር ተሰልፎ ሲዘል አየው፤ ኦይታ ይባላል፣ የበና ልጅ ነው፣ በረባሶ አድርጓል። «እኔ አምስት ዓመት ተምሬ ያልቻልኩትን በበረባሶ ይሠራዋል» ብሎ ሦስት ቀን ለመነውና ይዞት መጣ። ኦይታ አማርኛው ትንሽ ነበር፣ ጉልበቱ ብዙ። መጀመሪያ ቀን ማርታን ከራሱ በላይ እንዲያነሳት ሲነገረው ዞር ብሎ ሁላችንንም አየን።

«ጋሽዬ፣ እሷ ታመመ ወይ?»

«አልታመመችም። አንሳት።»

«እኛ አገር ሰው ሰውን የሚሸከም ሲታመም ነው። ወይ ሲሞት።»

ሳቅን። ጋሽ ዘሪሁን ግን አልሳቀም፣ አላሰበበትምም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚታየው፤ ኦይታ ሲያነሳት ፊቱ ይጨማደዳል። «ፊት!» ብሎ ጮኸበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህችን ቃል በቀን መቶ ጊዜ እንሰማት ነበር። ፊት ማለት ፈገግ በል ማለት ነው። «ከታች ያለው ሰው እንደከበደው ተመልካች ማወቅ የለበትም። ክብደቷን አንተ ብቻ እወቅ» ይለዋል። ለማርታም «አንቺ ደግሞ ምንም ይምጣ ምን ቅርጽሽን አትልቀቂ። እጅ እንደተዘረጋ፣ ጣት እንደሾለ» ይላታል።

ስምንት ወር ከተለማመድን በኋላ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ሥራቸውን በትርኢት ያስመሰከሩ የኪነት ቡድኖች ቋሚ ይሆናሉ፤ ያላስመሰከሩ ይበተናሉ፤ ከተበተኑት መካከል ዕድሜያቸው የደረሰ ወንዶች ለእናት አገር ጥሪ ዝግጁ ይደረጋሉ። ጓድ ደምሴ ደብዳቤውን አነበበልንና የስምንታችንን ስም የያዘ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ድንጋይ ጭኖበት አስቀመጠ። የእኔ ስም ሦስተኛ ነበር፣ የኦይታ ሰባተኛ። በዚያው ወር ከጎረቤታችን ወደ ጦር ግንባር የሄደ ልጅ እንደማይመለስ ተነግሮ ነበርና ቀልድ አልመጣልንም። ጋሽ ዘሪሁን ወረቀቱን በቁሙ አነበበው። በማግስቱ ልምምዱ አንድ ሰዓት ቀደመ።

ትርኢቱ ቅዳሜ ዋለ። ገበያውም፣ የገበሬ ማኅበሩም፣ ተማሪውም ሜዳው ላይ ፈሰሰ። በርሜል ላይ ሳንቃ ተደርድሮ መድረክ ሆነ። ላሞቹ ወጡ፤ ከበላይ የመጡት እንግዳ በአውሮፕላን ወረዱ፤ ንግግር ተደረገ፤ ንግግር ተደገመ። ከዚያ ጋሽ ዘሪሁን ከመድረኩ ጥግ እጁን አነሳና ከበሮዬን ጀመርኩ።

እውነቱን ልናገር፣ አምሮብን ነበር። ባለርስቱ ሲገርፋት ሕዝቡ ባለርስቱን ሰደበው። ማርታ ወደቀች። ኦይታ ከመድረኩ ጫፍ ዘሎ ገባ፤ ሲዘል አየር ላይ ቆይቶ ሐሳቡን የሚቀይር ይመስል ነበር። ጎንበስ አለ፣ አነሳት፣ ከራሱ በላይ ዘረጋት። በአንድ እርምጃ አንድ ከበሮ ነው። አንድ። ሁለት። ያን ጊዜ ጂንካ ጸጥ አለች። ፍየሎቹም ጸጥ አሉ። ሦስት። ጋሽ ዘሪሁንን አየሁት፤ እጁን እንዳነሳ ዓይኑን ጨፍኗል። አራት። አምስት።

በአምስተኛው ላይ ከፊት ረድፍ አንድ የአሪ ሽማግሌ ብድግ አሉ።

«ኧረ ልጁ ብቻውን ነው! ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ?»

እዚህ ላይ አገራችንን ለማያውቅ ሰው ልንገር። በሽተኛ በቃሬዛ ሲያልፍ መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ፣ ዘመድ ሆነ ባዳ፣ የያዘውን አስቀምጦ ትከሻውን ይሰጣል። ሳይሸከም ያለፈ ሰው ሰው አይባልም። ዝምታውም እንግዲህ የአድናቆት አልነበረም። ሕዝቡ አንዲት የተገረፈች ልጅ ስትወድቅ አይቷል፤ አንድ ምስኪን ብቻውን ተሸክሟት ሲንገዳገድ አይቷል፤ ጌታ ይይላቸውና የመንግሥት ሰዎች በወንበር ተቀምጠው ሲመለከቱም አይቷል።

ሽማግሌው ዱላቸውን ጥለው መድረኩ ላይ ወጡ። ተከተሏቸው። ሳንቃው ሰው አልችል ብሎ ጮኸ። ማርታን ከኦይታ እጅ ተቀበሏትና ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ በሩጫ፣ ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጤና ጣቢያው ወሰዷት። ሴቶች «ልጄን! ልጄን!» እያሉ ከኋላ ይሮጣሉ። ማርታ ቅርጿን አልለቀቀችም። ከሕዝቡ ጭንቅላት በላይ እጇ እንደተዘረጋ፣ ጣቷ እንደሾለ፣ እየሳቀች ነው የሄደችው። ድሬሰሩ ምኗን እንዳመማት ሲጠይቅ «ደህና ነኝ» ብላው ነበር። ሽማግሌው «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» ብለው እንድትመረመር አስገደዱ።

እኔ ባዶው መድረክ ላይ ከበሮ እመታለሁ። ጋሽ ዘሪሁን እጁን አላወረደማ! ኦይታም እጁን ወደ ሰማይ እንደዘረጋ፣ ምንም ሳይዝ፣ ፈገግ ብሎ ቆሟል።

እንግዳው ተነሱ። «ጓድ ዘሪሁን» አሉ፣ «ሕዝቡ ተነስቶ የወደቀችውን ጭቁን ማንሳቱ የትርኢቱ ክፍል ነው? ወይስ ሥርዓት አልበኝነት ነው?»

ጓድ ደምሴ መሬቱን አየ። ሥርዓት አልበኝነት ከተባለ ማን የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወረቀቱ ድንጋዩ ሥር ነው። ጋሽ ዘሪሁን እጁን ቀስ ብሎ አወረደና ከበሮዬን አቆምኩ። አንድ ጉልበት ትንሽ ብትታጠፍ ቀኑን ሙሉ የሚያስደግም፣ የበረዶውን አገር ዝምታ ስምንት ወር የጠበቀ ሰው ነው። ኦይታን አየው። እኔን አየኝ። ከዚያ ያን «ፊት» እያለ የሚጮህበትን ፈገግታ በራሱ ፊት ላይ አየሁት፤ ምንም የከበደው አይመስልም።

«የትርኢቱ ክፍል ነው፣ ጓድ። ከሁሉ ለልምምድ ያስቸገረን እሱ ነው» አለ፣ አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎም እስከ ጉልበቱ እጅ ነሳ።

እንግዳው አጨበጨቡ። በሪፖርቱ ላይ «የሰፊው ሕዝብ ንቁ ተሳትፎ የታየበት» ተብሎ ተጻፈ። ቋሚ ሆንን፤ ወረቀቱም ከድንጋዩ ሥር ጠፋ። በወሩ መኪኖች መጥተው ሌሎች ልጆች ወሰዱ። የእኛን ቦታ ማን እንደሞላው በየትኛውም ሪፖርት ላይ አልተጻፈም። እኔም እስከ ዛሬ ስለዚያ ነገር መቀለድ አልሆነልኝም።

የትርኢቱ ቀን መሸትሸት ሲል ጋሽ ዘሪሁንን አጣናው ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ላመሰግነው ነበር። «አምስት» አለኝ። «ሰባት እርምጃ ቀርቶት ነበር።»

በቀጣዩ ዓመት ሌላ እንግዳ ሊመጣ ሆነና የበላይ አካል ያ ንቁ ተሳትፎ እንዲደገም አዘዘ። ጓድ ደምሴ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበሮችን ሰብስቦ ልጅቷ ስትነሳ ሕዝቡ በድንገት እንዲነሳ መመሪያ ሰጠ። ድንገቱ ሁለት ጊዜ በልምምድ ተሞከረ። ትርኢቱ ደረሰ፤ ኦይታ አነሳት፤ ያው ሽማግሌ ያው ፊት ረድፍ ላይ ናቸው፤ ማንም አልተነሳም። ጓድ ደምሴ ከመድረኩ ሥር እየዳኸ «ተነሱ እንጂ! በድንገት ተነሱ!» ይላል።

«ለምን?» አሉ ሽማግሌው። «አምና ጤና ጣቢያ ወስደን አስመርምረናታል። ደህና ናት። ደህና ሰው መሸከም ሟርት ነው።»

ከዚያ ዝም አሉ፤ ሕዝቡም ልጁ ምን ሊያደርጋት ነው ብሎ ዝም አለ። ስድስት። ሰባት። ስምንት። ሰማሁት፤ ከበሮዬ እንኳ በጣም የጮኸ መሰለኝ። ኦይታ አሥራ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ፀሐይዋ ጋ ሲደርስ ጋሽ ዘሪሁን ወደ እኛ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሜዳው ዞሮ ነበር፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ጓድ ደምሴ ስለ ሕዝቡ ንቃት ማነስ የግምገማ ስብሰባ ጠራ። ጋሽ ዘሪሁን ስብሰባውን ሙሉ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ።

የመጨረሻው ዓመት ላይ፣ መንግሥት ሊወድቅ ሲንገዳገድ፣ ወይጦ ትርኢት አሳይተን ስንመለስ ወባ ጣለው። ለጂንካ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ሲቀረን ዝናብ ጣለ፣ ወንዝ ሞላ፣ መኪናው ቆመ። ሁለት እንጨት ቆርጠን፣ ያችን ፀሐይ የተሳለችበትን አንሶላ አሰርንና ቃሬዛ ሠራን። ኦይታና እኔ ከፊት፣ ሁለት የቡድኑ ልጆች ከኋላ ሆነን ጭቃውን ተያያዝነው። ያኔ ጋሽ ዘሪሁን ያገራችንን ሕዝብ ከቃሬዛ ላይ ሆኖ አየው። ከብት የሚነዱ የበና ሰዎች ጦራቸውን ለልጆቻቸው ሰጥተው ትከሻ ሰጡን። ማሽላ የጫነ የአሪ ገበሬ ሸክሙን ከመንገድ ዳር ጥሎ ገባ። ማን እንደሆነ፣ የየት አገር ሰው እንደሆነ የጠየቀ የለም። አንዱ ሲደክም ሌላው ይገባል።

በትኩሳቱ መካከል ዓይኑን ሲገልጥ የእኔን ፊት አየ። እያለቀስኩ ነበር፤ ለምን እደብቃለሁ፣ እወደው ነበር።

«ፊት!» አለኝ፣ በዚያች በማትሰማ ድምፅ።

ፈገግ አልኩ። ከበደኝ ግን።

በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ። ዳነ፤ አልተመለሰም። መንግሥት ተለወጠና ቋሚው ቡድናችን ፈረሰ። ሁለት ጊዜ ጻፈልኝ፤ በሁለቱም የሚጠይቀው አጣናው ቆሞ እንደሆነ ነው። እኔ የመለስኩለት ለአንዱ ብቻ ነው፣ ቆሟል ብዬ። አልቆመም ነበር፤ ሰው አንስቶ አጥር ሠርቶበታል።

ባለፈው ቅዳሜ ኦይታ ገበያ መጣ። አርጅቷል፣ ሁለት ወይፈን ሊሸጥ ነው የመጣው፤ ጀርባው ግን አሁንም ቀጥ ያለ ነው። ሱቄ በረንዳ ላይ አስቀምጬ መርዶውን ነገርኩት፣ የሕይወት ታሪኩንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት። ታታሪ የሚለውንም፣ መሪ ተወዛዋዥ የሚለውንም በትዕግሥት ሰማ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ማን ተሸከመው?»

ሾፌሩን ጠይቄው ስለነበር አውቄ ነበር። «መኪና ነው የወሰደው» አልኩት። «ዝናብ ስለነበረ ሰው አልበዛም አሉ።»

ኦይታ ወይፈኖቹን አየ፣ ሜዳው የነበረበትን አቅጣጫ አየ።

«ግድ የለም» አለ በመጨረሻ። «እኛ አስቀድመን ተሸክመናል።»

ያኔ ዓይኔ ሞላ። ወረቀቱን አጣጥፌ ልደበቅበት ስል ኦይታ በአንድ ጣቱ አገጬን ቀና አደረገው።

«ፊት!» አለኝ።